ጨጓራን የሚቆርጥ ሞልቷል፤ ከዚያ በኋላ ያለውስ የማን ነው?

የአክስቴ ልጅ በመተማ ዮሐንስ የሰሊጥ ነጋዴ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ ቤቴ ሲገባ በእጁ አሥራ አንድ ገጽ ያለው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ውል ይዞ ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎ የሕግ ሰው ነዎት፤ ከመፈረሜ በፊት አንድ ጊዜ ይዩልኝ» አለኝ። የሰሊጥ ሽያጭ ውል መስሎኝ መነጽሬን አደረግኩ። ውሉ ግን ስለ ሰሊጥ ሳይሆን ስለ ጨጓራ ነበር። አንድ የውጭ አገር ሆስፒታል የጨጓራውን አብዛኛውን ክፍል ቆርጦ በማውጣት ክብደቱን ሊቀንስለት፣ እሱም ገንዘቡን በቅድሚያ ሊከፍል የሚስማሙበት ሰነድ ነው።

ወንድሜ ያን ጊዜ ዕድሜው 44፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ74፣ ክብደቱ 141 ኪሎ ነበር። ስኳር ከያዘው ስድስት ዓመት ሆኖታል። ጉልበቱ ደረጃ አያስወጣውም። ሌሊት ትንፋሹ እየተቋረጠ ሚስቱን እንቅልፍ ይነሳታል። ስለዚህ «ምን ቆርጦህ ትቆረጣለህ?» ብዬ አልተከራከርኩትም። ውሉን ማንበብ ጀመርኩ።

ውሉ ስለ አየር ማረፊያ አቀባበል፣ ስለ ሆቴሉ ኮከብ ብዛት፣ ስለ ክፍሉ ቴሌቪዥን ሳይቀር ይዘረዝራል። ሦስት ሌሊት ሆስፒታል፣ አራት ሌሊት ሆቴል። ስለ ድኅረ ቀዶ ሕክምናው ግን ዘጠነኛው ገጽ ላይ ያለችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ ታካሚው ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ክትትሉን በአካባቢው ሐኪም ዘንድ ያደርጋል። «የአካባቢህ ሐኪም ማነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ከሁለት ወር በኋላ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

የዛሬው ጽሑፌ መነሻ ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት።

ከመቆረጥ በፊት

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ይህን ቀዶ ሕክምና የቅንጦት ወይም የቁንጅና ጉዳይ አድርገው የሚያዩት ብዙ ናቸው፤ ተሳስተዋል። ዓለም ለረጅም ጊዜ የተመራው እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ስብሰባ በወጣ መመዘኛ ነው። ክብደት በኪሎ፣ በሜትር ለተለካ የቁመት ካሬ ሲካፈል ውጤቱ 40 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ወይም 35 ደርሶ እንደ ስኳር ያለ ተያያዥ ሕመም ያለበት ሰው ለቀዶ ሕክምናው ይታጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የዘርፉ የሙያ ማኅበራት መመዘኛውን ዝቅ አድርገው፣ 35 የደረሰ ሰው ተጨማሪ ሕመም ባይኖርበትም እንዲታከም መከሩ። የወንድሜ ስሌት ከ46 በላይ ነበር። ስኳርን፣ የደም ግፊትንና የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥን በማሻሻል ረገድ የሕክምናው ውጤት በጥናት የተመሰከረለት ነው። በሠለጠነ እጅ ከተሠራ ደግሞ የሞት አደጋው ከሺህ አንድ ገደማ ነው።

ጥያቄው ያለው ሌላ ቦታ ነው። በደንብ በሚሠራባቸው አገሮች አንድ ታካሚ የቀዶ ሕክምናው ክፍል ከመግባቱ በፊት ወራት የሚፈጅ ዝግጅት አለው። የሥነ ምግብ ባለሙያ አመጋገቡን ያጠናል። የሥነ አእምሮ ባለሙያ መብልን ለጭንቀት ማስታገሻ እያደረገው እንደሆነ ይጠይቀዋል። ሲጋራ ያስቆሙታል። ስኳሩን ያስተካክላሉ። የብረት፣ የቫይታሚን ዲ እና የቫይታሚን ቢ 12 መጠኑ ይለካል። እኛ አገር እጅግ የተስፋፋው የጨጓራ ባክቴሪያ ካለበትም ቀድሞ ይታከማል። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ስብና ስታርች በቀነሰ ምግብ ይቆያል፤ ይህም ጨጓራውን የሚጋርደው ጉበት እንዲያንስና ሐኪሙ መሥሪያ ቦታ እንዲያገኝ ነው።

ወንድሜ ምን ተዘጋጀ? የደም ምርመራ ውጤትና ሁለት ፎቶግራፍ በወኪሉ በኩል ላከ። ጥምቀትን በጥሬ ሥጋ ተሰናበተና በሳምንቱ በረረ። ስለ ምግብ የነገረው ያ ወኪል ብቻ ነው፤ ወኪሉ ደግሞ የትኬት ሰው እንጂ የጤና ሰው አልነበረም።

ከመቆረጥ በኋላ

ቀዶ ሕክምናው ጥር 24 ቀን ያለ እንከን ተሠራ። ሐኪሞቹን የምከስበት ነገር የለኝም። ጨጓራው ከአምስት እጅ አራቱ ተወግዶ የቀረው እንደ ሸሚዝ እጅጌ ጠባብ ቱቦ ሆነ። ሆዱ ላይ የቀሩት አምስት ትንንሽ ጠባሳዎች ብቻ ናቸው። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ጠባሳው ትንሽ ስለሆነ የተደረገው ነገር ትንሽ ይመስላል።

የሚቀጥለው ግን ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፈሳሽ ብቻ። ቀጥሎ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ ምግብ፤ ወደ ወትሮው ገበታ የሚቀረበው በሁለተኛው ወር ገደማ ነው። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል። ውኃ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል፣ ግን ጥቂት በጥቂት እየተጎነጨ፤ ጨጓራው አንድ ብርጭቆ በአንዴ አይችልምና። ቫይታሚን ዕድሜ ልክ ይወሰዳል። የደም ምርመራ በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር፣ ከዚያም በየዓመቱ። ሴት ከሆነች እርግዝናን ከ12 እስከ 18 ወር ማዘግየት ይመከራል። ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን የመሳሰሉ ከየመድኃኒት ቤቱ እንደ ከረሜላ የምንገዛቸው ማስታገሻዎች ጨጓራን ስለሚያቆስሉ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይነኩም። ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠንና የማይለቅ የሆድ ሕመም ከታዩ ስፌቱ ፈስሶ ሊሆን ስለሚችል ጊዜ አይሰጥም።

አሁን ይህን ዝርዝር ይዘን ወደ መተማ እንውረድ።

ወንድሜ አዲስ አበባ ቢያንስ ሦስት ወር እንዲቆይ ለምኜው ነበር። መጋዘኑና ዕዳው አላስቀመጡትም፤ የካቲት 10 ቀን ተመለሰ። መጋቢት ላይ በመተማ ቆላ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይሻገራል። ደህና ጨጓራ ያለው ሰው እንኳ ጆግ ሙሉ ውኃ የሚያነሳበት ወቅት ነው። እሱ መጎንጨት እንጂ መጠጣት አይችልም። በተመለሰ በሳምንቱ ዘመድ ወዳጅ ጋብዞት እንጀራ በሥጋ ጎረሰ፤ አስመለሰው። ከዚያ በኋላ ትውከቱ አልቆመም። መጋቢት 2 ቀን ዐቢይ ጾም ገባ። እሱም እንደ ልማዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምስ ይውል ጀመር። ቤተ ክርስቲያን ታማሚን እንደማታስገድድ እያወቀ የንስሐ አባቱን አልጠየቀም። ለምን ቢሉ፣ ቀዶ ሕክምናውን ለማንም አልተናገረም ነበርና።

ይህ ምስጢር ከየት እንደመጣ የቆላውን ታሪክ የሚያውቅ ይረዳዋል። ለእኛ ለከተሜዎቹ መክሳት ምስጋና ነው። በመተማ ግን ሰው በአንድ ወር አሥራ አምስት ኪሎ ከቀነሰ የሚታሰበው ሌላ ነው። ሰሊጥ ለማጨድ ከደጋ ወርደው በካላዛር ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ሰውነታቸው አልቆ የሚመለሱትን ወጣቶች አገሩ ያውቃቸዋል። በኤች አይ ቪ የከፉ ዓመታትም የድንበር ከተማዋ መክሳትን እንደ ሞት ማስታወቂያ ታነብ ነበር። ስለዚህ ገበያው ማንሾካሾክ ጀመረ። ወንድሜም አፈረ፤ ባፈረ ቁጥር ደበቀ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው የአባቶች ቃል በእሱ ላይ ሊፈጸም ትንሽ ነበር የቀረው።

በመጋቢት አጋማሽ ሲራመድ ይንገዳገድ፣ አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ ያይ ጀመር። ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰዱት። ባለሙያዎቹ ወባ፣ ታይፎይድ፣ ካላዛር ፈለጉ፤ በዚያ አገር ትክክለኛው ፍለጋ ይኸው ነው። ምንም ሲያጡ ደክሟል ብለው እኛ ሁላችን «ጉሉኮስ» የምንለውን ሰቀሉለት። እንደ ስሙም እውነተኛ ግሉኮስ ነበር። ሌሊቱን መዘባረቅ ጀመረ።

እዚህ ላይ ሐኪም ያስረዳኝን ልናገር። ሰውነት ስኳርን ወደ ኃይል የሚለውጠው ቲያሚን ወይም ቫይታሚን ቢ 1 በሚባል ነገር ነው። በሰውነታችን የሚከማቸው ለጥቂት ሳምንታት የሚበቃ ያህል ብቻ ነው። ለሳምንታት ሲያስመልሰው የቆየ ሰው ክምችቱን ጨርሶታል። በዚህ ላይ ግሉኮስ ብቻውን ሲሰጠው የቀረችው ጥቂት ቲያሚን ትሟጠጣለች፤ አንጎልም ይጎዳል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው አስቀድሞ ቲያሚን በመርፌ ማግኘት አለበት። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ውዱ ነገር ማወቁ ነው። ክሊኒኩ ደግሞ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፤ ታካሚው አልነገረማ።

ማስረጃውስ? የሆስፒታሉ የመውጫ ወረቀት በኢሜይል ነበር የተላከለት። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወራት ተቆጥረው ነበር። ወደ ጎንደር ልውሰደው ብትል ሚስቱ፣ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር የሚጠጋው መንገድ በውጊያና በእገታ ምክንያት ለአራት ቀን ተዘግቶ ሰነበተ። ድሮ ቢሆን እሱም አባቱም ከባድ ሕመም ሲገጥማቸው በጋላባት ተሻግረው ገዳሪፍ ይታከሙ ነበር። ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነት ውስጥ ናት። የሰው ፍሰቱም ተገልብጦ ከዚያ ወዲህ ሸሽተው የሚመጡትን መተማ ትቀበል ነበር።

ያተረፈው በአካባቢው ባለ የመንግሥት ሆስፒታል የሚሠራ አንድ ወጣት ሐኪም ነው። ሸሚዙን ገልጦ አምስቱን ጠባሳ አየና ሚስቱን ለብቻዋ ጠርቶ ጠየቃት። ነገረችው። ቲያሚኑ በከተማው ካሉ መድኃኒት ቤቶች ተፈልጎ ተገኘ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው አንድ ሆኖ ታየው። የእግሮቹ መደንዘዝ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀውም።

ሕጉ ምን ይላል?

ወንድሜ ከዳነ በኋላ ውሉን እንደገና አወጣሁት፤ በዚህ ጊዜ በሕግ ሰው ዓይን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 20 ማንኛውም ሰው ለሕክምና ምርመራ ወይም ሕክምና አልገዛም የማለት መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 2031 ደግሞ ባለሙያ የሙያውን ደንብ ሲጥስ ኃላፊ ያደርገዋል። ለጉዳት ካሣ የሚጠየቅበት ጊዜ በአንቀጽ 2143 መሠረት ሁለት ዓመት ነው። መሠረቱ አለን ማለት ነው።

ነገር ግን እምቢ የማለት መብት ትርጉም የሚኖረው ሰው እሺ የሚለው ምን ላይ እንደሆነ ሲያውቅ ነው። ወንድሜ የፈረመው ለአንድ ቀን ቀዶ ሕክምና መስሎት ነበር። በእውነቱ የፈረመው ለዕድሜ ልክ ቫይታሚን፣ ለየዓመቱ የደም ምርመራ፣ በሙቀት ውስጥ ሰዓት እየጠበቁ ለመጎንጨት፣ ሥጋውንም ጾሙንም በአዲስ መልክ ለማደራጀት ነው። ይህ በሚገባው ቋንቋ አልተነገረውም። ያልተነገረው ሰው የሰጠው ፊርማ በሕግ ሰው ዓይን ፊርማ እንጂ ፈቃድ አይደለም።

ክሰስ ቢባልስ ማንን? ሆስፒታሉ ጥፋት አልሠራም፤ ክርክር ቢነሳም በዚያው አገር ፍርድ ቤት ይታያል ይላል ውሉ። ወኪሉ «እኔ ትኬት ቆራጭ ነኝ» ይላል። ክሊኒኩ ያልተነገረውን ሊያውቅ አይችልም። እኔስ ብሆን? ዘጠነኛውን ገጽ አንብቤ ስቄ አልነበር? ጥፋቱ በሁሉም ላይ ተከፋፍሎ ማንም ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል። መንግሥትም ቢሆን ለዓመታት ለውጭ ሕክምና የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ በሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ሲቆጣጠር የጠየቀው ሰውየው ለምን እንደሚሄድ ነበር። ሲመለስ ማን ይቀበለዋል ብሎ የጠየቀ አላጋጠመኝም።

«ሕፃናት በሚቀጭጩበት አገር ይህ የጥቂት ባለ ገንዘቦች ጣጣ ነው» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ክርክሩ ክብደት አለው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶቻችን 22 በመቶው ከሚገባው በታች የከሱ ሲሆኑ፣ ከሚገባው በላይ የወፈሩት 8 በመቶ ነበሩ። ይሁን እንጂ ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፣ ከተማ በሰፋ ቁጥር ስኳርና ውፍረት አብረው ይሰፋሉ፤ ቆላም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ሁለተኛ፣ ባለ ገንዘቡ ውጭ ተቆርጦ ሲመጣ ጣጣውን የሚሸከመው የድሃው ሆስፒታል ነው። ወንድሜ የተኛባት አልጋ የአንድ የካላዛር ታማሚ አልጋ ልትሆን ትችል ነበር። ትርፉ ውጭ ቀርቶ ኪሣራው መተማ ወረደ ማለት ነው።

ምን ይደረግ?

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ ነገር አይደለም። አንደኛ፣ ታካሚ ወደ ውጭ የሚልክ ወኪልም ሆነ እዚሁ አገር ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራ ሆስፒታል፣ ከክፍያ በፊት ክትትሉን የሚቀበል አንድ ሐኪም በስም ጠርቶ የሐኪሙን ፊርማ እንዲያቀርብ ይገደድ። ስም የሌለው «የአካባቢ ሐኪም» በውል ውስጥ ቦታ ሊኖረው አይገባም። ሁለተኛ፣ ታካሚው በኪሱ የሚይዘው በአማርኛና በእንግሊዝኛ የታተመ አንድ ካርድ ይሰጠው፦ ምን እንደተቆረጠ፣ መቼ፣ ምን መድኃኒት እንደማይሰጠው፣ ሲያስመልሰው ከግሉኮስ በፊት ቲያሚን እንደሚያስፈልገው። ካርድ ኔትወርክ አይፈልግም። ሦስተኛ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲን በመሰሉ የክልል አስተማሪ ሆስፒታሎች፣ የተቆረጠው የትም ይሁን የት፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች የሚታዩበት በሳምንት አንድ ቀን ይመደብ።

ለአንባቢም አንድ ቃል። እርስዎ ወይም ዘመድዎ ይህን ሕክምና እያሰባችሁ ከሆነ፣ የሆቴሉን ኮከብ ከመቁጠራችሁ በፊት በሰባተኛው ሳምንት የት እንደምትሆኑ ጠይቁ። ከሐኪም ያለባችሁን ርቀት ቁጠሩ። የንስሐ አባታችሁን ወይም የሃይማኖት መሪያችሁን አስቀድማችሁ አማክሩ። ቢያንስ ለሁለት የቤተሰብ አባላት ንገሩ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ የዚህ ነገር ፈሳሽ ግን ሁልጊዜ አይለቀምም።

መተማ ዮሐንስ ስሟን ያገኘችው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚያው ቆስለው ከሞቱት ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ነው። ጦራቸው በውጊያው እየቀናው ነበር። ነገሩን ሁሉ የገለበጠው የንጉሡ ቁስል ነው። ከዚያች ከተማ የበቀለ ሰው ውጊያን ማሸነፍና ከቁስል መዳን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሊያጣው አይገባም ነበር።

ወንድሜ ዛሬ 92 ኪሎ ነው። የስኳር መድኃኒቱን በሐኪም ትእዛዝ አቁሟል። ሌሊት በሰላም ይተኛል። በቅርቡ አዲስ አበባ ለዓመታዊ ምርመራው ሲመጣ «ትጸጸታለህ ወይ?» አልኩት። «በመቆረጤ አልጸጸትም ጋሼ» አለኝ፤ የደነዘዘ እግሩን በእጁ እያሸ። «የምጸጸተው ለሰው ባለመናገሬ ነው።» ከኪሱም በፕላስቲክ የተለበጠች ካርድ አውጥቶ አሳየኝ። ያ ወጣት ሐኪም በእጁ ጽፎ የሰጠው ናት።